በእጅ በተገጣጠመ ኮምፒውተር ላይ ሥርዓተ ክወና መጫን

በፋብሪካ የተሠራ ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ ሥርዓተ ክወናው ተጭኖበት ይሸጣል። ባለቤቱ ራሱ የገጣጠመው ግን ዲስኩ ባዶ ነው፤ ሲበራ የሚታየው የማዘርቦርዱ ቅንብር ገጽ ብቻ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ዊንዶውስን ወይም ሊኑክስን መጫን የሚፈራውን ያህል ከባድ አይደለም፤ መጫኛው ጥቂት ጥያቄዎች ጠይቆ የቀረውን ራሱ ይጨርሳል። ሥራው የሚሰናከለው በአብዛኛው ከዚያ በፊት፣ ማዘርቦርዱና ዲስኩ በተለያየ አሠራር ሲዘጋጁ ነው።

ኮምፒውተርን የማስነሣቱ ሥራ ለረጅም ጊዜ ባዮስ የተባለው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም ነበር፤ አሁን ቦታውን አዲሱ ዩኢኤፍአይ ወስዶታል። የዲስክ አከፋፈልም አብሮ ተለውጧል። አሮጌው የአከፋፈል ዘዴ ኤምቢአር ከአራት በላይ ዋና ክፍሎችን አይፈቅድም፤ በተለመደው የ512 ባይት አመዳደብም ከ2 ቴራባይት ገደማ በላይ ያለውን ቦታ መጠቀም አይችልም። አዲሱ ዘዴ ጂፒቲ ሁለቱንም ገደቦች አንሥቷል። የዊንዶውስ መጫኛ በዩኢኤፍአይ ከተነሣ ጂፒቲን፣ በአሮጌው የባዮስ አሠራር ከተነሣ ኤምቢአርን ይጠብቃል፤ ሌላ ካገኘ በዚህ ዲስክ ላይ መጫን አይቻልም ይላል። ይህን መልእክት አይቶ ደህናውን ዲስክ ተበላሽቷል ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። መፍትሔው ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሥቶ ከማስነሻ ምርጫዎቹ መካከል መጫኛው ያለበትን ፍላሽ ስም ከዩኢኤፍአይ ጋር የያዘውን መምረጥ ነው። ዲስኩ ያገለገለና የሚፈለግ ፋይል የሌለበት ከሆነ ደግሞ ክፍሎቹን ሁሉ አጥፍቶ አከፋፈሉን ለመጫኛው መተው ይሻላል።

ለዊንዶውስ መጫኛ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ያስፈልጋል፤ በላዩ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ዩኢኤፍአይ በእርግጠኝነት የሚያነበው የፋይል አደረጃጀት ፋት32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ ከዊንዶውስ መጫኛ ፋይሎች አንዱ ደግሞ ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ፍላሹ እንደ ሩፈስ ባለ ለዚሁ በተሠራ ፕሮግራም ይዘጋጃል።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቁልፎች መጠበቂያ ይጠይቃል። ይህ በአዳዲስ ፕሮሰሰሮች ውስጥ ያለ ቢሆንም በማዘርቦርዱ ቅንብር ተዘግቶ ሊገኝ ስለሚችል፣ አዲስ ዕቃ ከመግዛት በፊት እዚያ ማየት ይገባል። በአንዳንድ የኢንቴል ማዘርቦርዶች ላይ ቪኤምዲ የተባለው የዲስክ መቆጣጠሪያ አማራጭ ሲከፈት ዲስኩ (ኤስኤስዲው) በመጫኛው ዝርዝር ውስጥ አይታይም፤ አማራጩን መዝጋት ወይም ድራይቨሩን፣ ማለትም ሥርዓተ ክወናው ዕቃውን እንዲያውቀው የሚያደርገውን ፕሮግራም፣ ከፍላሽ መጫን ያስፈልጋል። የኔትወርክ ድራይቨርም ቢሆን አስቀድሞ በሌላ ኮምፒውተር አውርዶ መያዝ ብልህነት ነው፤ ድራይቨሩን የሚያወርዱበት ኢንተርኔት ራሱ ድራይቨሩን ይፈልጋልና። ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥነው ቅንብር ግን ተጭኖ እስኪያልቅ ባይነካ ይመረጣል። የራም ስሕተት ሲገለበጥ የነበረን ፋይል ያበላሽና የሶፍትዌር ጥፋት መስሎ ይታያል።

ሁለት ሥርዓተ ክወናዎችን ጎን ለጎን ለማኖር ዊንዶውስን አስቀድሞ ሊኑክስን ማስከተል ይቀላል። ዲስኮቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ ዊንዶውስ የማይጫንባቸውን መንቀል ይገባል፤ አለዚያ የማስነሻ ፋይሎቹን በሌላው ዲስክ ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ያ ዲስክ በወጣ ቀን ኮምፒውተሩ አይነሣም።