ባለ ብዙ ደረጃ ማረጋገጫ ምንድን ነው?

ኤቲኤም ካርድ ብቻውን ብር አያወጣም። የሚስጥር ቁጥሩም ያለ ካርዱ ከንቱ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ማሽኑ እሺ የሚለው። ባለ ብዙ ደረጃ ማረጋገጫ፣ የአይቲ ልጆች «ኤምኤፍኤ» የሚሉት፣ ይኸው ነው። አሁን ወደ መምህራንና ወደ ቢሮ ሠራተኞች አካውንት መጣ እንጂ ሁላችንም ከድሮ ጀምሮ ስንጠቀምበት ኖረናል።

ማንነታችሁን የምታስረዱት በሦስት ዓይነት ነገር ነው። በምታውቁት (ፓስዎርድ)፣ በእጃችሁ ባለ (ስልክ፣ ካርድ)፣ ወይም በገዛ አካላችሁ (አሻራ፣ ፊት)። ዋናው ነገር ዓይነታቸው መለያየቱ ነው። ሁለት ፓስዎርድ ብትደራርቡ ያው አንድ ነው፤ አንዱን አታልሎ የወሰደ ሰው ሁለተኛውንም በዚያው መንገድ ይወስደዋል። ስልካችሁን ግን ከኪሳችሁ ማውጣት አለበት።

የመምህር አካውንት ለምን ይሰረቃል? ውጤት አለበት፣ የፈተና ረቂቅ አለበት። ከዚያ በላይ ደግሞ ስማችሁ አለበት። ከእናንተ ኢሜይል «ይህችን ፋይል እዩልኝ» የሚል መልእክት ቢሄድ የትኛው የሥራ ባልደረባ ነው የማይከፍተው?

ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ስልክ ላይ የሚጫን የኮድ አፕ ነው። የጎግልም የማይክሮሶፍትም አለ። መጀመሪያ ላይ ስካን የምታደርጉት ኪውአር ኮድ ውስጥ አንድ ሚስጥራዊ ቁልፍ አለ። ቁልፉ ስልካችሁም ላይ ሰርቨሩም (አካውንታችሁን የያዘው ኮምፒውተር) ላይ ይቀመጣል። ሁለቱም ቁልፉን ከሰዓቱ ጋር አስልተው በየ30 ሰከንዱ አንድ ዓይነት ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ያወጣሉ። እርስ በርስ አይደዋወሉም። ስለዚህ ለመስክ ሥራ ጌራ ወይም ጎማ ወረዳ ወጥታችሁ ስልኩ ኔትወርክ ባይዝም ኮዱ ይወጣል። ላፕቶፑ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ያ ሌላ ጣጣ ነው። በኤስኤምኤስ የሚመጣው ኮድ ግን ያለ ኔትወርክ አይደርስም። በስልክ ቁጥራችሁ ምትክ ሲም ያወጣ አጭበርባሪ ካለም ኮዱ የሚደርሰው ለሱ ነው። ከምንም ይሻላል፣ አፑ ግን ይበልጣል።

«ከሰዓቱ ጋር» ያልኩትን ልብ በሉ። ባለፈው ጅማ ፈረንጅ አራዳ ቡና ስንጠጣ አንድ መምህር ወዳጄ ላፕቶፑን ከፍቶ ይበሳጫል። አምስት ጊዜ ኮድ አስገባ፣ አምስት ጊዜ «የተሳሳተ ኮድ» አለው። ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። 3፡20 ይላል። ልክ ነው፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ነበር። ችግሩም እሱ ነው! ሰዓቱን በእጁ ወደ ሐበሻ አቆጣጠር ወደ ኋላ ጎትቶታል። ለአፑ ያ ማለት የ6 ሰዓት መዘግየት፣ በ30 ሰከንድ ሲቆጠር 720 ኮድ ወደ ኋላ መቅረት ነው። ሰርቨር ቢታገሥ አንድ ኮድ ያህል ነው። «አውቶማቲክ ሰዓት» የሚለውን አበራንለት፣ ወዲያው ገባ። የሐበሻ ሰዓት ስልኩ ላይ ካላየ ቅር የሚለው ሰው ሰዓቱን ሳይነካ የሰዓት ክልሉን ቦነስ አይረስ ይበለው። ከኛ በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ እኛ አንድ ሰዓት ስንል እዚያም 1፡00 ነው። አፑ የሚያሰላው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ ክልሉ ቢቀየር አይሳሳትም። ወዳጄ ስቆ ሞተ፤ ስልኩ ግን እስካሁን አርጀንቲና ነው።

ይህ ሁሉ የማያድናችሁ ኮዱን ራሳችሁ ስትሰጡ ነው። «ከአይቲ ክፍል ነኝ፣ የመጣልህን ቁጥር ንገረኝ» ብሎ የሚደውል ሰው ሌባ ነው፤ የእውነት የአይቲ ሰው ኮዳችሁን አይጠይቅም። ሳትገቡ ስልካችሁ ላይ «እርስዎ ነዎት?» የሚል ጥያቄ ከመጣም «አይደለሁም» በሉና ፓስዎርዳችሁን ቀይሩ፤ አንድ ሰው ይዞታል ማለት ነው። ፓስዎርዱን ለጸሐፊዋ ሰጥቶ ኢሜይሉን የሚያስከፍት ኃላፊ ደግሞ አሁን በየጊዜው ለኮዱ ሊደወልለት ነው። ጸሐፊዋ ኢሜይሉን በራሷ አካውንት እንድትከፍት ፈቃድ ማሰጠት ይቀለዋል።

ማረጋገጫውን ስታስጀምሩ ስልኩ ባይኖር የምትገቡባቸው የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጧችኋል። አብዛኛው ሰው ስክሪንሹት አንስቶ እዚያው ስልኩ ላይ ይተዋቸዋል፤ ስልኩ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ። ወረቀት ላይ ጻፉና ቤት አስቀምጡ። ስልክ ልትቀይሩ ከሆነም አፑን አዲሱ ላይ አስጀምራችሁ አንዴ ሳትገቡ አሮጌውን አትሽጡ።