ረግረግ ምንድን ነው? ቄጤማችንስ ከየት ይመጣል?

ቀዳም ሹር ጠዋት ካህናቱ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» እያሉ ቄጤማ ያድላሉ። ምእመኑም ተቀብሎ ግንባሩ ላይ ያስራል። የጥፋት ውሃ መጉደሉን ርግብ ለኖኅ ያበሰረችበት ምልክት ነው። የፋሲካ ዕለት ደግሞ ቤታችን ይጎዘጎዛል። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ፋሲካ የሚውለው በበጋ መጨረሻ ነው፤ የሰሜን ሸዋ ሜዳ ደርቆ ቢጫ የሚሆንበት ጊዜ ነው። ታዲያ ቄጤማው እንዴት ለምለም ሆኖ ተገኘ?

ከረግረግ ስለታጨደ ነው።

ረግረግ ዓመቱን ሙሉ ወይም የዓመቱን ብዙ ጊዜ ውሃ የሚተኛበት፣ ካልሆነም ከሥሩ ውሃ የማይለየው መሬት ነው። ባለሙያዎች «ውሃ አዘል መሬት» ይሉታል፤ የሐይቅና የወንዝ ዳርንም ይጨምሩበታል። በመጋቢት ረግረግ ላይ ቆማችሁ እጃችሁን ሣሩ ሥር ብትሰዱ ጥቁር፣ ቀዝቃዛ፣ ሥራሥር የበዛበት አፈር ታገኛላችሁ። ጨመቅ ስታደርጉት በጣቶቻችሁ መሃል ውሃ ይንጠባጠባል። ዝናብ ከቆመ ወራት አልፎት ማለት ነው።

ሥራው እንደ ጎተራ ነው። የክረምቱን ውሃ ተቀብሎ ያስቀምጣል፣ በበጋ ቀስ እያለ ለምንጩና ለጉድጓዱ ያካፍላል። ደግሞም ያጠልላል። ከማሳ የመጣ ድፍርስ ጎርፍ ሣሩ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ይበርዳል፤ ደለሉ እዚያው ይቀርና ውሃው ጠርቶ ይወጣል። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማትገኘው ሰማያዊ ክንፍ ያላት ዝይም ኑሮዋ እንዲህ ባለ የደጋ ሣርና ውሃ ዳር ነው።

ታዲያ ምን ያጠፋዋል? በአብዛኛው እኛው ነን። በክፋት ግን አይደለም። መሬት ጠቧል፣ ልጅ በዝቷል። ገበሬው «ይህ ውሃ ባይተኛበት ገብስ ይወጣኝ ነበር» ብሎ መሃሉን ፈሰስ ያወጣበታል። የመጀመሪያው ዓመት ደስ ይላል፣ አዝመራው ያምራል። ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው። ፈሰሱ በየክረምቱ እየተቦረቦረ ይሄድና በጥቂት ዓመት ሰው የሚውጥ ቦረቦር ይሆናል። ቦረቦሩ ከግራ ከቀኝ ያለውን የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ራሱ ይስባል። ጥቁሩ አፈር ይሰነጠቃል። ለዘመናት በውሃ ታፍኖ የቆየው ሥራሥር አየር ሲያገኝ ይበሰብስና ካርቦኑ ወደ ሰማይ ይወጣል። እናቶች ውሃ የሚቀዱበት ምንጭ ጥር ላይ ይነጥፋል።

ባሕር ዛፉም አለ። ለደብረ ብርሃንና ለአካባቢዋ ገበሬ ባሕር ዛፍ ማገዶም፣ ቋሚም፣ የክፉ ቀን ገንዘብም ነው፤ ይነቀል የሚል ሰው ኑሮውን አያውቅም። ግን ረግረግ ውስጥ ሲተከል ውሃውን መጥጦ ያደርቀዋል። ቦታው እዚያ አይደለም። ከብት ከክረምት እስከ በጋ ሲረግጠውም አፈሩ ይጠቀጠቅና ውሃ ማስረግ ያቅተዋል። ከተማ ሲሰፋ ደግሞ አፈርና ቆሻሻ ይደፋበታል።

ጉዳቱ ደጋው ላይ አይቆምም። የሰሜን ሸዋ ደጋ የውሃ ጣሪያ ነው፦ በምዕራብ በኩል በጀማ አድርጎ ወደ ዓባይ፣ በምሥራቅ በኩል ገደሉን ወርዶ ወደ አዋሽ ይፈስሳል። ላይ ያልተያዘ ውሃ ታች ቆላው ላይ ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል።

መላውን ከሩቅ አንፈልግ፤ መንዝ ውስጥ ጓሳ አለልን። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ጀምሮ ሽቅብ የሚዘልቅ፣ በውስጡ ረግረግ ያለበት የጓሳ ሣር አገር ነው። አቅኚዎቹ አስቦና ጌራ ናቸው ይባላል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ዘሮቻቸው «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ጠብቀውታል። ሣሩ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ ከብት አይገባም፣ ማጭድ አያርፍበትም። ከዚያ በጋው ሲጠና ይከፈትና ለጣሪያ ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆነው ይታጨዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ጓሳውም ተጎዳ። በኋላ ሕዝቡ ከየቀበሌው ተወካይ መርጦ መተዳደሪያውን መለሰው። ከዚህ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ጓሳ የተረፈው ሰው ስላልነካው ሳይሆን መቼ እንደሚነካው ስለተስማማ መሆኑን ነው።

በየመንደሩ ላለችው ትንሽ ረግረግም ይኸው ይሠራል። ልቅ ግጦሹን አቁሞ ሣሩን አጭዶ ለከብት ማብላት፤ ባሕር ዛፉን ወደ ተረተሩ ማውጣት፤ ከላይ ያለውን ማሳ በእርከን መያዝ። የተቦረቦረውን ፈሰስ ደግሞ በድንጋይ ክትር መዝጋት። ክትሩ ክረምት ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ ማለቅ አለበት። በአንድ ቦታ ትልቅ ከመገንባት በቦረቦሩ ርዝመት ትናንሽ ደጋግሞ መሥራት ይሻላል፤ ትልቁን ጎርፍ ገንድሶት ይሄዳል። ከየክትሩ ጀርባ ደለል ሞልቶ ውሃ ማቆር ሲጀምር፣ ቀድመው ብቅ ከሚሉት አንዱ ቄጤማ ነው።