«ቲቸር፣ በብር ስንት ይመጣል?» ውጭ አገር እንግሊዝኛ ስለማስተማር የሚወሩ ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ ቁጭ ብዬ ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ሁለት ልጆች መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። አንደኛው የድሮ ተማሪዬ ነው። ስልኩን አውጥቶ የቅጥር ደብዳቤ አሳየኝ። ሻርጃ፣ ኤሚሬትስ፣ የግል ትምህርት ቤት፣ የእንግሊዝኛ መምህር፣ 4,500 ድርሃም። እንኳን ደስ ያለህ ሳልለው ጓደኛው ካልኩሌተር ከፍቶ ማባዛት ጀምሯል። ተማሪዬም ቀና ብሎ «ቲቸር፣ በብር ስንት ይመጣል?» አለኝ።

እኔ እዚያው ሻርጃ ሦስት ዓመት አስተምሬ ነው የተመለስኩት። አሁን ማራኪ አካባቢ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። እውነቱን ለመናገር ከማስተምረው ሰዋስው ይልቅ የማነበው የሰው ኮንትራት ይበልጣል። ይህችን የብር ጥያቄ ሳልሰማ ያለፍኩበት ሳምንት የለም። አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ትንንሾቹን ስህተቶች ላስቀድም፤ ወደ ማባዛቱ እመለሳለሁ።

«እንግሊዝኛ በዲግሪ ተመርቄያለሁ፤ የትም አገር ይቀጥሩኛል»

የትም አይደለም። ደቡብ ኮሪያን ውሰዱ። ኢ-2 የሚባለው የቋንቋ መምህራን ቪዛ በመሠረቱ የሚሰጠው ለሰባት አገሮች ዜጎች ነው፤ ለአሜሪካ፣ ለካናዳ፣ ለእንግሊዝ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ። መዝገበ ቃላቱን በቃላችሁ ብትወጡትም የሚታየው ፓስፖርታችሁ ነው። ጃፓን ደግሞ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ያልሆነን ሰው ቢያንስ 12 ዓመት በእንግሊዝኛ የተማረ መሆኑን አሳይ ትለዋለች። አንደኛ ደረጃን በአማርኛ የጀመረ የጎንደር ልጅ ይህን መሙላት ይከብደዋል። ስለዚህ ሲቪ ከመበተናችሁ በፊት የዚያን አገር የቪዛ ሕግ አንብቡ። ሃምሳ ቦታ አመልክቶ መልስ አጣሁ ብሎ ያዘነ ልጅ አውቃለሁ። አርባ የሚሆነው ኮሪያ ነበር።

«አፍ መፍቻህ ካልሆነ ማንም አይቀጥርህም»

ይኸው ሌላኛው ጫፍ። ታይላንድ ውስጥ ስንት ፊሊፒናዊና ካሜሩናዊ እንግሊዝኛ ያስተምራል! እኔ በነበርኩበት የመምህራን ክፍል ሕንድ፣ ግብፅ፣ ፊሊፒንስ፣ እኔ። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በዓመቱ ተሰላችቶ ሄደ።

«አክሰንቴ አበሻ አበሻ ይላል»

ይበል ተዉት! የእኔ ተማሪዎች «ፓርክ» ለማለት «ባርክ» ነበር የሚሉት፤ አረብኛ «ፐ» የለውማ። የእኔን አክሰንት ልብ ያለው አልነበረም።

«የ120 ሰዓት ሰርተፍኬት ኦንላይን ወስጃለሁ፤ ጨርሻለሁ»

አልጨረሳችሁም። ቴፍል የሚባለው ይህ የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ሰርተፍኬት የአንድ ተቋም ስም አይደለም። በቅናሽ የሚሸጠውም ቴፍል ነው፣ ሰው የሚያስለቅሰውም ቴፍል ነው። ካምብሪጅ የሚሰጠው ሴልታ ላይ ሰልጣኙ እውነተኛ ተማሪ ፊት ቆሞ፣ አሰልጣኝ ከኋላ ተቀምጦ እየመዘነው፣ 6 ሰዓት ያስተምራል። በሦስት ቀን ክሊክ ክሊክ ተደርጎ ያለቀው ሰርተፍኬት ላይ ይህ የለም። ቀጣሪም ለይቶ ያውቀዋል። ሴልታ ውድ ነው፤ አልፈርድባችሁም። ግን እዚሁ ጎንደር ግል ትምህርት ቤት ገብታችሁ ሁለት ዓመት አስተምሩ። ማኅተም ያለበት የሥራ ልምድ ከዚያ ሰርተፍኬት ይበልጣል።

አይኢኤልቲኤስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና 7 አምጥቻለሁ የሚለውም አለ። ጎበዝ። እሱ ቋንቋ ማወቃችሁን እንጂ ማስተማር መቻላችሁን አይናገርም። ውጤቱም የሚያገለግለው 2 ዓመት ነው፤ ሥራ ሳትፈልጉ ቀድማችሁ አትፈተኑ።

«ቴምፖዬ አለ፤ ሌላው ይደርሳል»

አይደርስም። ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊውን የምረቃ ወረቀት፣ ይዞ ውጭ አገር መምህር ለመሆን ማሰብ ትኬት ሳይቆርጡ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዶ መሰለፍ ነው። ኦሪጅናል ዲግሪ ያስፈልጋል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ኦሪጅናሉን ለማውጣት ኮስት ሼሪንጉን፣ የትምህርት ወጪ መጋራት ዕዳውን፣ መጨረስ አለ። ከዚያ ዲግሪው ይረጋገጣል፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ይመታል፣ ከዚያ የተቀባዩ አገር ኤምባሲ። ይህ ሁሉ ደጃፍ ያለው አዲስ አበባ ነው። ከዚህ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ።

አንዲት ጎበዝ ልጅ አስጠንቼ ነበር። በመጋቢት ተቀጠረች። እነሱ ወረቀቱን በሰኔ ፈለጉ። እሷ ኮስት ሼሪንግ ከፍላ፣ አዲስ አበባ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ በነሐሴ ጨረሰች። ቦታው ተይዟል ተባለች። ሥራ ስታገኙ አይደለም ወረቀት የሚጀመረው። ዛሬ ነው።

«ዶላሩን በብር አባዛው፤ ደመወዝህ ያ ነው»

ደረስን።

ሐምሌ 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ድርሃም ደግሞ ከዶላር ጋር በ3.67 የታሰረ ነው። እና ሻርጃ ያለ ኢትዮጵያዊ መምህር ደመወዙ በብር ሲታይ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እዚያ ያለው ጓደኛዬ በዚያ ሰሞን ከጎንደር ስንት «እንኳን ደስ ያለህ» እንደደረሰው አትጠይቁኝ። ግን የቤት ኪራዩ በአንዲት ፊልስ፣ በአንዲት የድርሃም ሳንቲም፣ አልቀነሰም። ዳቦውም ያው። የሻርጃ አከራይ ብር አያውቅም።

ስለዚህ ከማባዛታችሁ በፊት ቀንሱ። ብር የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፣ በተረፈችው ላይ።

ያንን ቅዳሜ ልጁን «ሌላ የመጣልህ የለም?» አልኩት። «አለ፣ ግን እሱን ተወው ቲቸር፣ ትንሽ ነው» አለኝ። አሳየኝ። እዚያው ሻርጃ፣ 3,000 ድርሃም። መልስ እንኳን አልጻፈላቸውም። ናፕኪን አወጣሁና ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፍኩ።

ባለ 4,500ው ቤት አይሰጥም። ክፍያውም ለ10 ወር ነው፤ ይህ ሦስተኛው ገጽ ላይ በጥቃቅን ፊደል ነበር የተጻፈው። ክረምቱን እናንተ ናችሁ የምትችሉት። 45,000ን ለ12 ስታካፍሉት 3,750 ነው። በጋራ የሚያዝ ክፍል 1,400 አልኩ። ትራንስፖርት 350። ቀረ 2,000።

ባለ 3,000ው 12 ወር ይከፍላል። ክፍል ይሰጣል። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ይወስዳል፣ ይመልሳል። ቀረ 3,000። ምግብ ከሁለቱም ላይ ይቀነሳል፤ እሱን እኩል አድርጉት።

ገና አላለቀም። አንደኛው በሳምንት 30 ክፍለ ጊዜ ያስተምራል፣ ሁለተኛው 24። ወሩን አራት ሳምንት ብላችሁ የተረፈውን ለክፍለ ጊዜው ስታካፍሉት አንደኛው 17 ድርሃም ገደማ፣ ሁለተኛው 31። ካልኩሌተር የያዘው ጓደኛ ዝም አለ። «ትንሽ ነው» ያሉት እጥፍ ሊከፍል ነው። እርማት፣ ስብሰባ፣ የወላጅ ቀን ደግሞ ክፍለ ጊዜ ውስጥ አይቆጠርም። 30 ክፍለ ጊዜ ያለው ሰው ደብተር የሚያርመው ቤቱ፣ ማታ፣ ተኝቶ ነው።

ኪራዩስ እንዴት እንደሚከፈል ታውቃላችሁ? እዚያ ቤት በስማችሁ ስትከራዩ በየወሩ አይደለም። አከራዩ የዓመቱን በጥቂት ቼኮች ከፋፍሎ ቀድሞ ይቀበላል። ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ለዚህ ነው አዲስ ሰው የአልጋ ቦታ ተከራይቶ ከስድስት ሰው ጋር የሚከርመው። የመጀመሪያ ደመወዝም የሚመጣው ወሩ ሲያልቅ ነው። ቤት የማይሰጥ ቀጣሪ ጋ ስትሄዱ ቢያንስ የስድስት ሳምንት መኖሪያ ፈረንካ ይዛችሁ መሄድ አለባችሁ። ለእሱ የሚበደር ደግሞ ዕዳውንም ቀንሶ ያስላ።

አሁን እኔ ራሴ የተሸወድኩበትን ልንገራችሁ። ኮንትራቴ ላይ 3,800 የሚል አየሁ። ፈረምኩ። በውስጡ መሠረታዊ ደመወዝ 1,500 እንደሆነ፣ ቀሪው አበል እንደሆነ ተጽፏል። ምን ቸገረኝ፣ ድምሩ ያው ነው አልኩ። የኤሚሬትስ የሥራ ሕግ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ላገለገለ ሰው፣ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ለእያንዳንዱ ዓመት የ21 ቀን ደመወዝ የስንብት ክፍያ ይሰጣል። የሚሰላው ግን በመሠረታዊ ደመወዙ ነው። ሦስት ዓመት ጨርሼ ስወጣ በልቤ ወደ 8,000 ድርሃም ጠብቄ ነበር። የተሰጠኝ 3,150 ነው። ማንም አልሰረቀኝም። ፈርሜበታለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ የእኔ የተፈታው ሂሳብ ክፍሉ መስኮት ላይ ነው። ለእናቴ ፍሪጅ ልገዛ አስቤ ነበር።

ሳውዲ ከሆናችሁ ደግሞ ስሌቱ ይለያል፤ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በዓመት የግማሽ ወር ነው። ሁለቱም አገር የደመወዝ ግብር አይቆርጡም። ሌላ አገር ስትሄዱ ግን የሚጻፍላችሁ ከግብር በፊት ነው ወይስ በኋላ ብላችሁ ጠይቁ። የተቆረጠውን ያዩት የመጀመሪያውን ደመወዝ ሲቀበሉ የሆኑ ሰዎች አሉ።

ከዚህ በኋላ ደብዳቤ ይዛችሁ ስትመጡ እነዚህን ጠይቃችሁ ኑ። መሠረታዊ ደመወዙ ስንት ነው? የሚከፈለው ስንት ወር ነው? ቤቱን ትሰጣላችሁ ወይስ አበሉን? ክፍሉ ለስንት ሰው ነው? የአውሮፕላን ትኬት ስንቴ? በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ? የጤና መድኅኑ በእናንተ ነው? ያለዚህ ማኪያቶ ብቻ እንጠጣለን።

«ለመጀመሪያ ሥራ አይደራደሩም»

ብሩን ላይጨምሩ ይችላሉ። መሠረታዊውን ከፍ፣ አበሉን ዝቅ አድርጉልኝ ማለት ግን ይቻላል፤ ዛሬ ብዙ አያስወጣቸውም። እኔ አልጠየቅኩም። ጠይቆ የተባረረ ሰው አላየሁም።

«ደላላው 80,000 ከከፈልኩ ቪዛውን እርግጠኛ ነው ብሎኛል»

እሱማ እርግጠኛ ነው፤ ብሩን እንደሚበላ። የእኛው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ፣ ቁጥር 923/2008፣ የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትንና የሥራ ፈቃድን ወጪ አሠሪው ላይ ጥሎታል። ሠራተኛው የሚችለው ፓስፖርቱን፣ የጤና ምርመራውንና የመሳሰለውን ነው። የኤሚሬትስም ሕግ ቀጣሪ የቅጥር ወጪን ከሠራተኛው እንዳይቀበል ይከለክላል። ሁለት አገር የከለከለውን ክፍያ ለምን በእጃችሁ ታወጣላችሁ? አንድ አባት ለልጃቸው በሬ ሸጠው የከፈሉ አሉ። መጥተው «የኔታ፣ እስኪ ይህን ወረቀት እይልኝ» አሉኝ። የትምህርት ቤቱ ስም በሁለት ቦታ በሁለት አይነት ፊደል ተጽፏል። ምን እንደምላቸው ጠፋኝ።

«በቱሪስት ቪዛ ግባ፤ እዚያ ይቀየራል»

ቻይና ለመሥራት የሚያስገባው ዜድ ቪዛ ነው። ታይላንድ ኖን-ቢ ቪዛና የሥራ ፈቃድ። ኤሚሬትስም በጉብኝት ቪዛ መሥራት ክልክል ነው። እስኪቀየር ድረስ የምትሠሩት ሕገወጥ ነው፤ ደመወዝ ቢከለክሏችሁ የት ትከሳላችሁ?

ቅዳሜ ተለያየን። ልጁ ለሁለቱም ጻፈ፤ ለዚያ «ተወው» ላለውም ጭምር፣ ዘግይቶ ይቅርታ ጠይቆ። ረቡዕ ማታ መልሱን አስተላለፈልኝ። ባለ 3,000ው ሁሉንም መልሷል። ክፍሉ ለሁለት ሰው ነው፣ ትኬት በዓመት አንዴ፣ መሠረታዊው 2,100። ባለ 4,500ው ስድስቱን መልሶ አንዱን ዘሏል፤ መሠረታዊ ደመወዙን። «ድጋሚ ጻፍላቸው» አልኩት። ጓደኛውም ከጎኑ ሆኖ ሳይሆን አይቀርም፣ በዚያው መልእክት ስር ሌላ ጥያቄ መጣ፤ «ቲቸር፣ 2,100 በብርስ?»