የ35 በመቶው የገቢ ግብር እርከን ምንድን ነው?

ደመወዝ የወጣ ሰሞን ሜክሲኮ አካባቢ ካፌ ቁጭ ብላችሁ ጆሮ ብትሰጡ፣ ስላልተጣራ ደመወዝ የሚያወራ ብዙም አታገኙም። ጥያቄው «በእጅ ስንት ይደርስሃል?» ነው። ይቺን ጥያቄ ያዙልኝ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከ14,000 ወደ 15,000 ብር እድገት ሲመጣለት «ይቅርብኝ፣ 35 በመቶ ውስጥ ይከተኛል» አለ። ማኪያቶው ትን አለኝ። እርከኑ እንደዚያ አይሠራም። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ የመጀመሪያው 2,000 ብር አይነካም። ከዚያ በላይ ያለው እየተከፋፈለ 15፣ 20፣ 25፣ 30 በመቶ ይቆረጥበታል። 35 የሚያርፈው ከ14,000 በላይ ባለችው ላይ ብቻ ነው። ከጭማሪዋ 1,000 ብር 350 ለግብር፣ 70 ለጡረታ ይሄዳል፤ 580 ኪሱ ይገባል። በድሮው 14,000 ላይ የሚቆረጠው ንቅንቅ አይልም። ኢኮኖሚስቶች ይህን የመጨረሻ ብር ላይ የሚያርፍ መቶኛ «ህዳጋዊ ምጣኔ» ይሉታል።

አሁን ወደ ቀጣሪው እንሂድ። ሠራተኛው የሚደራደረው በእጅ በሚደርሰው ነው ብለናል። ከ14,000 በላይ የሚከፈለው ጥሩ የሒሳብ ባለሙያ «በእጅ 1,000 ጨምርልኝ» ቢል፣ አሠሪው ያልተጣራው ላይ 1,724 ብር ገደማ መጨመር አለበት። የራሱን 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲጨምርበት ወጪው 1,914 ገደማ ይሆናል። ለአንድ ሺህ ብር ሁለት ሺህ ሊሞላ ምን ቀረው! ባለሙያው እንደ ልብ የማይገኝ ከሆነ ግብሩን የሚሸከመው ድርጅቱ ነው፤ ያኔ ሊቀጥረው ያሰበውን ረዳት ይተወዋል። በር ላይ ተሰላፊ የሞላበት ሥራ ከሆነ ግን ግብሩ ሠራተኛው ላይ ይቀራል። ሕጉ «ከሠራተኛው ይቆረጥ» ማለቱ ብቻውን ሸክሙ የማን እንደሆነ አይነግረንም።

ሀብታም ግብር ሲበዛበት ሥራውን ጥሎ ቤቱ ይቀመጣል የሚለው ወሬ ብዙም አያሳምነኝም። ይልቅ ገቢው መልኩን ይቀይራል፦ ደመወዙ ይቀንስና አበል፣ መኪና፣ ነዳጅ ይሆናል። የተሰበሰበው ብር ደግሞ አይተንም፤ የአስተማሪ ደመወዝ ወይም የመንገድ ሥራ ከሆነ ሌላ ቦታ ሥራ ይፈጥራል። ከባከነ ግን ሁለት ጊዜ ኪሳራ ነው።

እኔን የሚከነክነኝ መነሻው ነው። በ2008ቱ አዋጅ 35 በመቶ ከ10,900 ብር በላይ ይጀምር ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዋጋ ሲጋልብ ኖሮ፣ መነሻው የደረሰው 14,000 ላይ ነው። 15,000 የሚያገኘውም 300,000 የሚያገኘውም የመጨረሻ ብራቸው ላይ እኩል 35 ይቆረጥባቸዋል። አዲስ አበባ ላይ ቤት ተከራይቶ በ15,000 የሚኖረውን «ከፍተኛ ተከፋይ» በሉትና የሚመልስላችሁን ስሙ።

ባልደረባዬ እድገቱን ተቀበለ። «580 ብር ለዚህ ሁሉ ኃላፊነት?» እያለ ግን አሁንም ይነጫነጫል። እዚያ ላይ መልስ የለኝም።