የሰሜን ተራሮች ስካውቶች፦ ሥራና ኑሮ

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክላሽ አንግቶ ዱሩን የሚጠብቀውን ሰው አገሬው «ስካውት» ይለዋል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ከተማ ነው። የስካውቶቹ ውሎና አዳር ግን ከዚያ በላይ፣ በሳንቃበር፣ በጊጭና በጨነቅ ካምፖች ነው። ቦታዎቹ ከ3,200 እስከ 3,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በበጋ ሌሊት አመዳይ ይጥላል።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1966 ተቋቁሞ በ1969 በሕግ ጸደቀ። ዋናው ምክንያት ዋልያ ነበር። ሥጋው ይበላል፤ ቀንዱ ዋንጫ ይሆናል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ጠመንጃ በየቤቱ ሲገባ አደኑ ባሰ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነት ፓርኩ ያለ ጠባቂ ቀረ፤ ካምፖቹም ወደሙ። ዩኔስኮ በ1978 የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበውን ፓርክ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገባው። የወጣው በ2017 ነው። ከዚያ መዝገብ ለመውጣቱ የስካውቶቻችን እግር ትልቅ ድርሻ አለው።

«እግር» ያልነው በምክንያት ነው። ፓርኩ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ አብዛኛው ገደል ስለሆነ ጥበቃው በእግር ነው። ብዙ ስካውት ይህን ሁሉ የሚወጣውና የሚወርደው በኮንጎ ጫማ ነው። ጋቢ ይደርባል፣ ክላሹን በትከሻው ያጋድማል፣ ቆሎ ወይም በሶ ይቋጥራል። ውድ ቡት የተጫማ ቱሪስት ቧሂት ተራራ ላይ ቁና ቁና ሲተነፍስ፣ እሱ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

ቱሪስት ስካውት ሳይዝ ፓርኩ ውስጥ በእግር እንዲጓዝ አይፈቀድለትም። በዚህ የሚገኘው አበል ለብዙ ቤተሰብ ደመወዙን የሚደጉም ገንዘብ ነበር። ኮሮና፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሳው ጦርነት ይህን ገቢ አደረቀው።

የሥራው ከባድ ጎን ግን ሌላ ነው። ስካውቱ የዚያው አካባቢ ልጅ ነው። ጓሳ በሚባለው ሣር ውስጥ ከብት ያሰማራው፣ አስታ የሚባለውን የደጋ ዛፍ የቆረጠው ወይም ዋልያ የገደለው ሰው ጎረቤቱ፣ አንዳንዴም ዘመዱ ሊሆን ይችላል። ተጠርጣሪ ሲይዝ ከነኤግዚቢቱ ለፖሊስ ያስረክባል፤ ፍርድ ቤት ሲጠራም ይመሰክራል። በማግስቱ ደግሞ ልቅሶ ቤት አብረው ይቀመጣሉ። ክላሹ ለዚህ አይረዳውም። ተኩሶ ሰው ቢመታ ጣጣው ለራሱ ነው፤ ደም ይመጣል፤ በደጋው ደም ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ የሠለጠነ ስካውት መጀመሪያ የሚጠቀመው አፉን ነው። ይለምናል፣ ይቆጣል፣ ሽማግሌ ይልካል።

የጊጭ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 አካባቢ ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፍረዋል። ፓርኩ በስምምነትና በካሳ የተፈጸመ ነው ይላል፤ ቅሬታ ያላቸው ሰዎችም አሉ። ለጥበቃው ሥራ ግን መነሳታቸው ጠቅሟል፤ በብዙ ከብት የተጋጠው የጊጭ ሜዳ አገግሟል።

በ2019 መጋቢትና ሚያዝያ ጓሳውና አስታው ሲቃጠል ስካውቶች ከገበሬው ጋር ቅጠልና አፈር ይዘው ተረባረቡ። በኋላ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። እሳቱን መጀመሪያ የተጋፈጡት ግን እዚያው የነበሩት ናቸው።

ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት የስካውቱ ኑሮ ይበልጥ ከብዷል። መሣሪያ ይዞ ጫካ ለጫካ የሚዞር ሰው በየትኛውም ወገን ይጠረጠራል። ቅኝት ሲላላ ደግሞ አዳኝ ይበረታል። የዋልያ ቁጥር ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነበረው ከግማሽ በታች መውረዱን የቅርብ ቆጠራዎች ያሳያሉ። በምክንያትነት ከሚጠቀሱት መካከል ሕገ ወጥ አደን አንዱ ነው።