ሹራብ ድሮ ካልሲ ነበር፦ ስለ ሹራብ፣ ማሊያና ካናቴራ የሚወሩ ስህተቶች

ሀዋሳ ላይ ሹራብ የማታ ልብስ ነው። ቀን ፀሐዩ አያስለብስም። አመሻሽ ላይ የሐይቁ ነፋስ ሲጀምር ግን ሁሉም ከቦርሳው መዘዝ ያደርጋል። ስለ ልብሱና ስለ ስሙ በየካፌውም በየሰልባጅ ተራውም የሚወራው ታዲያ ብዙው ልክ አይደለም።

«የእግር ሹራብ የሚሉ ሽማግሌዎች ቃሉ ተምታቶባቸው ነው»

አያት «የእግር ሹራቤን አቀብለኝ» ይላሉ፤ ልጅ ካልሲውን ይዞ እየሳቀ ይመጣል። የተምታታበት ልጁ ነው። ሹራብ ከዓረብኛ የመጣ ቃል ነው። በመጽሐፍ ዓረብኛ «ጀውረብ» ይባላል፤ የግብፅና የሱዳን ሰው ሲያወራ ደግሞ «ሸራብ» ወይም «ሹራብ» ይለዋል። ትርጉሙ ካልሲ ነው። ዛሬም ካይሮ ሱቅ ገብታችሁ «ሸራብ» ብትሉ የሚወጣላችሁ ካልሲ ነው። የቱርኮቹ «ቾራፕ»ም እዚያው ቤተሰብ ውስጥ ነው፤ እሱም እግር ላይ ይጠለቃል።

አማርኛ ቃሉን ተቀብሎ አሰፋው። እንደ ካልሲው ክሩ ዓይን፣ ማለትም ቀለበት፣ እየሠራ እርስ በርሱ የተያያዘውን ሁሉ ሹራብ አለው። የእግር ሹራብ ነበር፣ የእጅ ሹራብም ነበር። ከጣሊያንኛ የመጡት «ካልሲ» እና «ጓንት» ሲለመዱ እግሩንም እጁንም ወሰዱበት። ለሹራብ ደረት ብቻ ቀረለት።

ካልሲ መቅደሙም አይገርምም። ግብፅ ውስጥ ከተገኙት ቀደምት የሹራብ ሥራዎች መካከል ሰማያዊና ነጭ የጥጥ ካልሲዎች አሉ። እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ እ.ኤ.አ. በ1589 የመጀመሪያውን የሹራብ መኪና ሲሠራም የፈለገው ካልሲ ማምረት ነበር።

«ጀርሲ የስፖርት ቃል ነው»

ጀርሲ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ ልብሱ ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው። ስሟን ያስጠራው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አሁንም ካልሲ! የደሴቲቱ ሰው ወንዱም ሴቱም ረጅም የሱፍ ካልሲ እየሠራ ይሸጥ ነበር። ነገሩ ከመጠን አልፎ እ.ኤ.አ. በ1608 በአዝመራ ወቅት ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሹራብ እንዳይሠራ በሕግ ተከለከለ። እህሉን ማን ይጨደው?

«ማሊያ የኳስ ቃል ነው»

የሀዋሳ ከተማ ክለብ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ዋንጫ ሲያነሳ ማሊያ ለብሶ የጨፈረ ሁሉ እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ቃሉ ግን የጣሊያንኛው «ማሊያ» ነው፤ መጀመሪያ የክር ዓይን ማለት ነው፣ ቀጥሎም በክር ዓይን የተሠራ ልብስ። ጣሊያን ውስጥ አሮጊት ሶፋ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ስትሠራ «ማሊያ እየሠራች ነው» ይባላል። በጣሊያን የብስክሌት ውድድር መሪው ከ1931 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚለብሰው ሮዝ ልብስም «ማሊያ ሮዛ» ነው። ስለዚህ ማሊያና ሹራብ በመንገድ የተለያዩ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዱ በዓረብ፣ አንዱ በጣሊያን በኩል መጣ።

«ሹራብ ማለት ሱፍ ነው»

ነጋዴው «ኦሪጅናል ሱፍ ነው» ይላችኋል። ወፍራም ነው፣ ይሞቃል፣ ግን ብዙ ጊዜ አክሪሊክ ነው። አክሪሊክ ከነዳጅ ውጤት የሚሠራ ክር ነው፤ ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950 ገበያ ላይ ያወጣው። ለመለየት ከውስጥ ስፌቱ አንዲት ክር መዝዛችሁ በወረንጦ ያዙና ክብሪት አስጠጉ። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። አክሪሊክ ከሆነ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ሆኖ ይቀራል። (ከመግዛታችሁ በፊት ከሞከራችሁ ግን ከነጋዴው ጋር መጣላታችሁ ነው።)

«ካናቴራ ከሹራብ ጋር ምን አገናኘው?»

ስሙ ከጣሊያንኛው «ካኖቲየራ» ነው፤ የጀልባ ቀዛፊዎች የሚለብሱት እጅጌ የሌለው ልብስ። ሀዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል ላይ በካናቴራ የሚቀዝፍ ልጅ ሳያውቀው ለስሙ ታማኝ ሆኗል።

ጨርቁም ያው የሹራብ ሥራ ነው። የለበሳችሁትን ካናቴራ ወጠር አድርጋችሁ በቅርብ እዩት። ደቃቅ የሆኑ ወደ ታች የሾሉ ቅርጾች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው ዓምድ ሠርተዋል። ነጠላ ብታዩ ግን ሌላ ነው፤ ድሩ በቁመት፣ ማጉ በአግድም ይተላለፋል። ካናቴራ ድርም ማግም የለውም፤ ክሩ እየተጠማዘዘ በራሱ ዓይን ውስጥ ይሾልካል። ሲስቡት የሚለጠጠው ለዚህ ነው። አንዲት ዓይን ስትበጠስ ቀዳዳው ቁልቁል የሚሮጠውም ለዚሁ ነው።

«ታጥቦ ገመድ ላይ ይሰቀል»

ካናቴራው ቀላል ስለሆነ ግድ የለም። ከባድ ሹራብ ግን ውኃ ሲጠጣ ክብደቱ ዓይኖቹን ቁልቁል ይስባቸዋል፤ ጠዋት የናንተ የነበረው ማታ የታላቅ ወንድማችሁ ልክ ይሆናል። በፎጣ ጠቅልላችሁ ውኃውን ጨመቅ አድርጉና ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት። የእውነት ሱፍ ከሆነ ደግሞ የፈላ ውኃ አታስነኩት፤ ተኮማትሮ የሕፃን ልብስ ይሆናል።