ሐይቅና ወንዝ ስለሚያጠኑ ተመራማሪዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጀልባ ወጥተው ገመድ ሲያወርዱ፣ ጠርሙስ ሲሞሉና ማስታወሻ ሲይዙ የሚታዩ ሰዎች ለሐይቆቻችንና ለወንዞቻችን ዳርቻ ነዋሪዎች አዲስ አይደሉም። ስለ ሥራቸው የሚነገረው ግን አብዛኛው የስማ በለው ወሬ ነው። ከሚነገረው ውስጥ ማንንም የማይጎዳ ግምት ይኖራል፤ ሌላው ግን ዓሣ አጥማጁንም፣ በወንዝ ዳር የሚጫወተውን ሕፃንም፣ የውሃ ሥራ የሚያቅደውን ባለሙያም ስለሚያሳስት ሊታረም ይገባዋል።

«ግኝት የሚገኘው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ መስክ የሚወጣው ናሙና ለመልቀም ብቻ ነው»

ይህን አስተሳሰብ ለማረም ከኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ከዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አካባቢ፣ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን እያጠኑ ሳለ፣ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው የወንዙ ክፍል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አዩ። ያን ዕለት ልብስ አጣቢዎቹም ሆኑ መንገደኞቹ ያዩት ውሃ አንድ ዓይነት ነበር፤ ተመራማሪው ግን የቀንድ አውጣዎቹን ሞት ከላይ ከሚወርደው ዐረፋ ጋር አያያዙት። ከዚያም በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው የእንዶድ ዐረፋ ሲጨመርባቸው እነርሱም ሞቱ። በስማቸው «ለማቶክሲን» ተብሎ የተጠራው ገዳይ ንጥረ ነገር ተለይቶ የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው፤ ላቦራቶሪው ወንዙን ተከትሎ መጣ እንጂ አልቀደመም። ከዚያ ወዲያ በዓድዋ ለአምስት ዓመት በተካሄደው ሙከራ የወንዞቹ ውሃ በእንዶድ ሲታከም፣ ከሕዝቡ 63 በመቶውን ይዞ የነበረው በሽታ ወደዚያ ቁጥር ግማሽ ገደማ ወረደ። አክሊሉ ለማ ከሥራ ባልደረባቸው ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን የተቀበሉት በዚሁ ሥራ ነው።

የዚህን ታሪክ መነሻ ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው ይመስለኛል። እንዶድን ዘፍዝፈው፣ ወቅጠው፣ ዐረፋውን አውጥተው ልብስ ማጠብን ለትውልድ ያቆዩት የኢትዮጵያ ሴቶች ናቸው። የእነርሱ ዕውቀት ባይኖር ተመራማሪው ወንዝ ዳር ቢቆሙም የሚያዩት ነገር አይኖርም ነበር።

«እንዶድም ሆነ ብርብራ የተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም»

እንዶድ ቀንድ አውጣን በሚገድልበት መጠን ዓሣንም ይገድላል፤ የቀንድ አውጣውን እንቁላል ደግሞ ስለማያጠፋው ሕክምናው በየጊዜው መደገም አለበት። ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙበት የብርብራ ዛፍ ፍሬም እንዲሁ ነው። ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ከትልቅ እስከ ትንሽ ሳይመረጥ ያልቃል፤ በጣና ገባር ወንዞች ዓሣ እንቁላል ለመጣል በሚወጣበት ወቅት ሲደረግ ደግሞ ገና ያልተወለደውም አብሮ ይጠፋል።

«የጠራ ውሃ ንጹሕ ነው፤ ቢልሃርዝያም የሚይዘው ውሃ ሲጠጡ ነው»

የውሃን ጥራት ለመለካት እስከ ዛሬ የሚያገለግለው መሣሪያ እጅግ ቀላል ነው፤ ጥቁርና ነጭ የተቀባ፣ ሳህን የሚያህል ክብ ዝርግ ነገር በገመድ ታስሮ ከዓይን እስኪሰወር ይወርዳል፣ ዳግም እስኪታይ ይሳባል፤ የሁለቱ ጥልቀት አማካይ ይመዘገባል። ሰኪ ዲስክ የሚባለው ይህ መሣሪያ የጣሊያናዊውን ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ የአንጄሎ ሰኪን ስም የያዘው እ.ኤ.አ. በ1865 ከሠሩት ሙከራ የተነሣ ነው። ነገር ግን የሚለካው ብርሃን ምን ያህል እንደሚዘልቅ ብቻ ነው። ላንጋኖ ቡናማ የሆነው በውስጡ በተንሳፈፈ እጅግ ደቃቅ አፈር እንጂ በቆሻሻ ምክንያት አይደለም፤ በአንጻሩ ድንጋዩ የሚቆጠርበት የጠራ ምንጭ የቢልሃርዝያ እጭ ሊኖርበት ይችላል። እጩ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ጤነኛ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ ለመያዝ አንድ ጉንጭ መጠጣት አያስፈልግም፣ እግርን ነክሮ መሻገር ይበቃል። ተመራማሪዎች እስከ ጭን የሚደርስ የጎማ ቦት የሚያደርጉት ለዚህ ነው፤ ጭቃ ተጸይፈው የሚመስለው ሰው ተሳስቷል።

«ዓሣ በብዛት ከሞተ ውሃው ተመርዟል»

በቢሾፍቱ ሐይቆች ዓሣ በአንድ ሌሊት ሞቶ ዳር ላይ ሲከመር የመጀመሪያው ጥርጣሬ አንድ ሰው ወይም አንድ ፋብሪካ መርዝ ጨመረ የሚል ነው። መርዝ ፈጽሞ ሊኖር አይችልም ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን እነዚህ ሐይቆች ራሳቸው የሚያደርጉት ነገር አለ። የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ የሞሉ ስለሆኑ ከስፋታቸው አንጻር ጥልቅ ናቸው፣ በገደልም ስለተከበቡ ነፋስ እንደ ልቡ አያናውጣቸውም። ፀሐይ ያሞቀው የላይኛው ውሃ ቀለል ብሎ ከላይ ይቀመጣል፤ የታችኛው ቀዝቅዞ ይቀራል። ከላይ የሚወርደው ብስባሽ ኦክስጅኑን ስለሚጨርሰው የታችኛው ውሃ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ያለው ጋዝ ያጠራቅማል።

በሁለቱ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ሆኖ ሳለ እንዴት ሳይቀላቀሉ ይቆያሉ የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። በአንድ ዲግሪ ለውጥ የሙቅ ውሃ ክብደት ከቀዝቃዛው ይልቅ እጅግ ይለወጣል፤ በ20 እና በ21 ዲግሪ መካከል ያለው የክብደት ልዩነት በ4 እና በ5 ዲግሪ መካከል ካለው ከ20 እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ በእኛ አገር አንድና ሁለት ዲግሪ ጠንካራ ግድግዳ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ውርጭ ሲሆን ግን የላይኛው ውሃ ቀዝቅዞ ይከብዳል፣ ይሰምጣል፣ ኦክስጅን የሌለው የታችኛው ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ዓሣው መሸሻ አጥቶ ይታፈናል። ይህን ከመርዝ የሚለየው ሰው ጎህ ሲቀድ ጀልባ ላይ ወጥቶ በየሜትሩ ሙቀትና ኦክስጅን የሚለካ ሰው ነው። ዓሣው ከተለቀመ በኋላ በሦስተኛው ቀን የተቀዳ አንድ ጠርሙስ ውሃ ያን ሌሊት የሆነውን አይናገርም።

«የጣና ነጭ ዓሣ ሁሉ አንድ ነው»

ይህ ስህተት የሊቃውንትም ነበር። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ከጣና የሰበሰባቸውን ዓሦች በተለያየ ስም ቢመዘግብም፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ የምደባ ሥራ በሙዚየም ጠርሙስ የተቀመጡትን ናሙናዎች መርምሮ ብዙዎቹን በአንድ ዝርያ ጠቀለላቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሐይቁ ላይ ተቀምጠው፣ ከወር ወር መረብ እየጣሉ፣ የትኛው የት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚበላና መቼ እንደሚራባ ሲከታተሉ 15 ገደማ የተለያዩ ዝርያዎች ተገኙ፤ ስምንቱ ሌላ ዓሣ እየበሉ የሚኖሩ ናቸው። ጠርሙስ ውስጥ ያለ ዓሣ የአፉን ቅርጽ ያሳያል፤ የሚውልበትን ጥልቀትና የሚራባበትን ወር ግን አይነግርም።

ልዩነቱ የስም ጨዋታ አይደለም። ከእነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች አፍ ተሰብስበው ወደ ላይ ስለሚወጡ፣ በዚያ ወቅት እዚያ የተጣለ መረብ ወላጆቹን በጅምላ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 የተደረጉት ልኬቶች ሲነጻጸሩ የነጭ ዓሣው ክብደት በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። «ዓሣ ዓሣ ነው፤ አንዱ ቢቀንስ ሌላው ይተካዋል» ብሎ ማሰብ እዚህ ላይ የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው።

«አሁንማ የወንዙን ፍሰት ሳተላይት ይለካዋል»

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የመጠቀው ስዎት የተባለው ሳተላይት የወንዝን ገጽ ከፍታና ስፋት ከሰማይ ያነባል፤ ትልቅ እርምጃ ነው። ከገጹ በታች ያለውን ወለል ግን አያይም፣ ክረምቱ ወለሉን ይቆፍረዋል ወይም በደለል ይሞላዋል፤ ያን ጊዜ ከፍታው ሳይለወጥ የሚያልፈው ውሃ ይለወጣል። ስለዚህ ባለሙያዎች ወንዙን ከዳር እስከ ዳር በክፍል በክፍል ከፍለው፣ በእያንዳንዱ ጥልቀቱን ይለካሉ፣ ከገጹ ጥልቀቱን 60 በመቶ ያህል ወርደው ፍጥነቱን ይመዘግባሉ፣ ስፋትን በጥልቀት በፍጥነት አባዝተው ይደምራሉ። በየቀኑ ደግሞ የአካባቢው ነዋሪ የሆነ አንባቢ ከጠዋቱ 12 ሰዓትና ከምሽቱ 12 ሰዓት ወደ ወንዙ ወርዶ፣ በቁጥር የተሰመረውን ቋሚ አንብቦ በደብተሩ ይጽፋል። የአገራችን የጎርፍና የግድብ ስሌት የቆመው በዚህ ደብተር ላይ ነው።

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን፤ ግንዱ የሚታይ ነው፣ አፈሩ ግን በልኬት ካልሆነ አይታወቅም። ብዙ ሰው ወንዙ በጣም በሚሞላበት በነሐሴ ውሃው በአፈር ይበልጥ የወፈረ ይመስለዋል። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው አፈር ከፍ የሚለው ግን ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ፣ ማሳው ታርሶ ቡቃያ ሳይሸፍነው ነው፤ በነሐሴ ውሃው ቢበዛም ይቀጥናል። ስለዚህ በነሐሴ መጨረሻ ብቻ የተቀዳ ናሙና የዓመቱን አፈር አሳንሶ ያሳያል፤ ትክክለኛውን ለማወቅ በሰኔና በሐምሌ ዝናብ፣ ጭቃው መኪና በማያሳልፍበት ጊዜ፣ ጠርሙሱን ይዞ ድልድዩ ላይ የሚገኝ ሰው ያስፈልጋል።